መርዶ በብቸና ሜዳ

ኮርቻ የተጫነ ፈረስ እየጎተተ በእግሩ የሚሄድ ሰው ያየ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ይጠይቃል። «ምነው፣ ፈረሱን አመመው?» ይላል አንዱ። «ምነው፣ ጌታዬ፣ እርስዎን አመመዎት?» ይላል ሌላው። ገላው ለመጀመሪያዎቹ በትሕትና መለሰላቸው። ጉንደ ወይንን አልፈው ቁልቁለቱን ሲያያዙት ግን ትዕግሥቱ አለቀና፣ አህያ የሚነዳ አንድ ገበሬ ገና አፉን ሳይከፍት «ፈረሱም ደኅና ነው፣ እኔም ደኅና ነኝ፣ መንገድህን ቀጥል!» ብሎ ጮኸበት። ሰውየው ደንግጦ አህያዋን ወደ ገደሉ ሊነዳት ምንም አልቀረውም።

«ድሀው ምን አደረገህ?» አለች እናቱ ከበቅሎዋ ላይ።

«እግሬ ተላጠ፣ እማዬ! እስከ ደብረ ወርቅ ብቻ ልውጣበት። እዚህ ማን ያየኛል?»

«እኔ አይሃለሁ።»

በቃ፤ ይርጋነሽ ውበቴ እንዲህ ካለች አለቀ። ስድሳን ካለፈች ቆይታለች፣ ጀርባዋ ግን ከበቅሎው ላይ ቀጥ እንዳለ ነው። ከሞጣ ከወጡ ጀምሮ ዓይኗን ከኮርቻው አልነቀለችም። ፈረሱስ የማንም ፈረስ ነው፤ ከአንድ የሞጣ መሪጌታ በልመና የተገኘ ዳማ ነው፣ ስሙን እንኳ በወጉ አልጠየቁም። ኮርቻው ነው የእሱ፣ የባሏ። ከኮርቻው ላይ የተደረበው ለምድ፣ በጎኑ የታሰረው የጣሊያን ምንሽር፣ የእሱ ናቸው። «እሱ» ደግሞ በዚያ ቤት ስሙ ተጠርቶ አያውቅም። «እሱ» ከተባለ ሁሉም ያውቃል።

ነገሩ የመጣው በላንድሮቨር ነው።

ገላው በሞጣ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ በሰው አይደርስም፣ ሰውም አይደርስበትም። ባለፈው ሳምንት፣ መጋቢት በገባ በሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ አንድ ወጣት መኮንን ከበሩ ቆመና «ገላው ውበቴ ማለት አንተ ነህ?» አለው። ነኝ አለ። «የፊታውራሪ ሣህለ ማርያም ልጅ አይደለህም እንዴ?»

ገላው የያዘውን የአዮዲን ጠርሙስ አስቀመጠ።  ዕድሜው ሠላሳ አራት ደርሷል፣ ሁለት ልጆች ወልዷል፤ ያንን ስም ከባዕድ አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። በትምህርት ቤትም፣ በሥራም፣ በሠርጉም ቀን የተጠራው በእናቱ አባት በውበቴ ስም ነው።

አባቱ አምስቱን ዓመት በዓባይ በረሃ ከጣሊያን ጋር የተናነቀ፣ በፈረስ ስሙ አባ ፈንቅል የሚባል የብቸና ሰው ነበር። ጣሊያን ሲወጣ ሹመቱ በስደት ለቆዩትና ለባንዳ ሲታደል አይቶ ዝም የሚል ሰው አልሆነም። ተናገረ። የተናገረው ዐመፅ ተባለ፣ ሸፈተ ተባለ፣ በሠላሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ተወስዶ ተሰቀለ። ብቸና ገበያ ላይ ደግሞ ዐዋጅ ተነገረ፤ ለሽፍታ ያለቀሰ እንደ ሽፍታ ይቆጠራል።

ያ ዐዋጅ የሠራውን ስሙ። በእኛ አገር ሰው ሲሞትበት ሽማግሌዎች ሰብሰብ ብለው በማለዳ ከደጁ ይቆማሉ፣ መርዶውን ይነግሩታል። የዚያን ጊዜ ይጮኻል፣ አገር ይሰበሰባል፣ ይለቀሳል። መርዶ ካልተነገረው ግን ቢያውቅም እንዳላወቀ ነው፤ እንዴት ብሎ ብቻውን ይጮኻል? ለይርጋነሽ መርዶ የሚነግር ወንድ ጠፋ። ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማች፣ አለቀ። ፍትሐቱን እንኳ አንድ ቄስ በክርስትና ስሙ ብቻ፣ በለሆሳስ አደረሱለት። እሷም ኮርቻውንና ምንሽሩን በጭድ ሸፍና፣ ሕፃኑን አዝላ፣ ሞጣ ገባች። ከዚያ ወዲህ ጥቁር አልለበሰች፣ ፀጉሯን አልተላጨች፣ ባል አላገባች። ባሏ መንገድ ሄዶ እንደዘገየባት ሴት ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀመጠች። ጎረቤቶቿ ምን ብለው እንደሚጠሯት ቸግሯቸው ኖረ።

መኮንኑ መቶ አለቃ ገብረ ሕይወት ይባላል። ሐረር ጦር ሰፈር ተወልዶ ያደገ የወታደር ልጅ ነው፤ ፈጣን፣ ቅን፣ ትንሽም ቅብጥብጥ። የድል በዓል ከእንግዲህ ንጉሡ በገቡበት በሚያዝያ ሃያ ሰባት ቀርቶ መጋቢት ሃያ ስምንት እንዲሆን ደርግ መወሰኑን፣ ብቸና ላይም የተረሱ የአርበኛ መሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚወደሱ በአንድ ትንፋሽ ነገረው። ከዚያ ፊቱ በራ። «አንድ ነገር አስቤያለሁ» አለ። «የፊታውራሪውን ፈረስ ጭናችሁ ታመጣላችሁ። ማንም አይቀመጥበትም። ለምዱ ከኮርቻው ላይ፣ ጠመንጃው በጎኑ። አንተ ልጓሙን ይዘህ በመድረኩ ፊት ታዞረዋለህ። ሕዝቡ ባዶውን ኮርቻ ሲያይ ጀግናውን ያስባል! ከዚያ ትፎክራለህ። አያምርም?»

ገላው አፉን ያዘ። ያምራል እንጂ! በጎጃም ምድር ትልቅ ሰው ሲሞት የሚለቀሰው እንዲሁ አይደል? ፈረሱ ይጫናል፣ ባዶውን ለቅሶው መካከል ይገባል፣ ጠመንጃው አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ ይያዛል፣ ሙሾ አውራጇም ፈረሱን እያየች ታለቅሳለች። ሐረር ጦር ሰፈር ይህን ማን ያስተምራል!

እናቱ ይህን ስትሰማ ቆጥ ላይ ወጣች፣ ኮርቻውን አወረደች፣ ቅቤ ቀባችው። ሲመሽ ብቻ «ሰውየው ለቅሶ አዘዘ» አለች፤ በድምፅዋ ውስጥ ገላው ሰምቶት የማያውቀው ነገር ነበረ። ሚስቱ ሙሉዬ ደግሞ በሌላው ጆሮው «በመንግሥት በዓል ላይ ልታለቅሱ? ፀረ አብዮት ብለው ልጆቼን ያለ አባት ሊያስቀሯቸው?» አለችው። እሷም ልክ ናት። ሞጣ ላይ በዚያው ወር ሁለት ሰዎች ከቤታቸው ተወስደዋል፣ የት እንዳሉም አልታወቀም። መሬት ላራሹ ከታወጀ ገና ወር አልሞላም፣ ወታደሩም ገበሬውም ጣቱ ከቃታ አልራቀም።

እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ሁለት ቀን ሙሉ በእግሩ የሚሄደው። ልቡ ግን ቆርጧል። ብቸና እንደደረሰ ለመቶ አለቃው «ይህ በእኛ ዘንድ ለቅሶ ነው» ብሎ ይነግረዋል፣ ነገሩ በፉከራ ብቻ ያልቃል፣ እሱም ልጆቹን ያሳድጋል። እናቱን ቀና ብሎ ባያት ቁጥር ይህ ሐሳቡ እንደ እሾህ ይወጋዋል፤ ስለዚህ አያያትም፣ ፈረሱን ይቆጣል።

ደብረ ወርቅ የገቡት ጀምበር ሳትጠልቅ ነው። መድኃኔዓለም ስለሆነ ሰዉ ሁሉ ከቅዳሴ ወጥቶ በየደጁ ቁጭ ብሏል። የአባቱ የጦር ጓደኛ ግራዝማች ገብረ ክርስቶስ ከበራቸው ወጥተው ጠበቋቸው። አንድ ዓይናቸው ከጣሊያን ጋር ቀርቷል፤ በቀረው ዓይናቸው መጀመሪያ ያዩት ፈረሱን ነው። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ግቡ» አሉ። 

ሽሮው እንደቀረበ ገላው ጥያቄውን ጀመረ። «ግራዝማች፣ ነገ ሰው ይበዛል?»

«ይበዛል ወይ ትለኛለህ? ከእነማይ፣ ከሸበል፣ ከበረንታ፣ ሰዉ ከትናንት ጀምሮ እየወጣ ነው። የአባ ፈንቅል ፈረስ ተጭኖ መጣ ተብሎ!»

«ለበዓሉ ነው የሚመጡት?»

ሽማግሌው ሳቁ፣ ሳቃቸው ግን ደስ አይልም። «የምን በዓል? በሁዳዴ ጾም፣ በደብረ ዘይት ሰንበት፣ ሽሮ በልቶ የሚፎክር አርበኛ የት አየህ? ፈረሱን ሰምተው ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የሚመጡት። ሙሾ አውራጇ ፈንታነሽም በቃሬዛ ውሰዱኝ ብላ ልጆቿን አስጨንቃለች።»

ገላው ተነሣ። ቆመ። ተቀመጠ። ደግሞ ተነሣ። «ግራዝማች፣ እርስዎስ አይፈሩም? ወታደሩ ባይገባውስ? ዐመፅ ነው ብሎ ቢተኩስስ? ሴቶች አሉ፣ ሕፃናት አሉ! ጠዋት ለመቶ አለቃው እነግረዋለሁ። መንገር አለብኝ።»

«ንገረው» አሉ ግራዝማች። «የዚያን ጊዜም ሁላችንም ፈርተን ነው ዝም ያልነው። መርዶውን እነግራታለሁ ብዬ ከእናትህ ደጅ ድረስ ሄጄ፣ ከአጥሩ ሥር ተመልሻለሁ። እሷም አይታኛለች።»

ይርጋነሽ ከምድጃው ባሻገር ተቀምጣ ነበር። «አይቼዎታለሁ፣ ግራዝማች» አለች። «ደጃፌን ከፍቼ ጠብቄዎት ነበር።» በአነጋገሯ ቂም አልነበረበትም፤ ለዚህ ነው ሽማግሌው ያንን አንድ ዓይናቸውን የሸፈኑት።

ወደ ልጇም ዞረች። «አንተንም አልከለክልህም። ልጆች አሉህ። ግን እወቀው፤ መርዶ ያልተነገረኝ ሴት ነኝ። ያልተለቀሰለት ሰው ላይ ልጁ ቆሞ ሲፎክር አላይም። አንተ ከፎከርህ እኔ በቅሎዬን አዙሬ ወደ ሞጣ ነኝ።»

በማግሥቱ ብቸና ሲደርሱ ሜዳው በሰው ነጭ ሆኗል። መድረኩ በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ድምፅ ማጉያው ይንጫጫል፣ ካኪ የለበሱ ዘማች ተማሪዎች ወዲያ ወዲህ ይሯሯጣሉ። በሜዳው ዙሪያ ወታደሮች በየዐሥር እርምጃው ቆመዋል። መቶ አለቃ ገብረ ሕይወት ከድንኳኑ ወጥቶ ገላውን በሁለት እጁ ያዘው። ዓይኑ ቀልቷል፣ ድምፁ ዘግቷል።

«መጣህልኝ! አለቆቼ ከማርቆስ መጥተው ተቀምጠዋል፣ እኔ እንቅልፍ ካየሁ ሁለት ሌሊቴ ነው። በሬ ልጣል ብል ጾም ነው አሉኝ። ከበሮ ምቱ ብል ጾም ነው አሉኝ። እልልታ ብል ሴቶቹ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ በዓል ላክብር እንጂ ሰው ልበድል መጣሁ?» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አንተ የአገሩ ልጅ ነህ። ያጠፋሁት ነገር ካለ አሁን ንገረኝ። አልቆጣም፣ ወንድሜ።»

ይኸውና! ከዚህ የተመቸ ሰዓት የት ይገኛል? ገላው አፉን ከፈተ። ቃሉም ምላሱ ላይ ነበር። ከመቶ አለቃው ትከሻ በላይ እናቱን አያት። ከበቅሎዋ ወርዳ ፈረሱ አንገት ሥር ቆማለች፤ ነጠላዋን ገልብጣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ለብሳለች። ዙሪያዋን ከብበዋት የቆሙት ሴቶች አይነኳትም፣ አያናግሯትም፣ ይጠብቃሉ። እሷ ደግሞ እሱን አታይም። ፊቷን ወደ ኮርቻው አዙራ፣ እርካቡን በመዳፏ ይዛ፣ ቀስ ብላ ታሻሸዋለች፤ ሴት የባሏን እግር እንደምታሽ። ያን ጊዜ ገላው በራሱ አፈረ፣ ደግሞም ተናደደ፣ ሆዱም ባባ፤ ሦስቱም አንድ ላይ መጡበት። ይህች ሴት ሠላሳ አንድ ዓመት ልቅሶዋን ዋጥ አድርጋ ያሳደገችው ልጅ፣ ዛሬ አፍዋን ሊይዛት ነው?

«ምንም ያጠፉት የለም፣ መቶ አለቃ» አለ። «እንዳዘዙት እናደርጋለን።»

ሙሉዬ ግን ከዓይኑ አልጠፋችም።

ንግግሩ ረዘመ። አንዱ ስለ ፊውዳል፣ ሌላው ስለ ኢምፔሪያሊዝም ተናገረ፤ ሰዉ ኢትዮጵያ ትቅደም ሲባል ትቅደም አለ፣ ተቀመጥ ሲባል ተቀመጠ። በመጨረሻ መቶ አለቃ ገብረ ሕይወት ራሱ ማይክራፎኑን ያዘ። የዘጋው ድምፁ ሜዳውን አልፎ እስከ ጊዮርጊስ ዛፎች ድረስ ተሰማ።

«የብቸና ሕዝብ ሆይ! ፊታውራሪ ሣህለ ማርያም፣ አባ ፈንቅል፣ አምስት ዓመት ለአገራቸው ተዋግተው፣ ዋጋቸው ገመድ ሆነ! በሠላሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ላይ በግፍ ተሰቅለው ሞተዋል! እነሆ ፈረሳቸው! ልጓሙን የያዘው ልጃቸው ገላው ሣህለ ማርያም ነው!»

ጭብጨባ ጠበቀ። ጭብጨባ አልመጣም።

ገላው ልጓሙን ይዞ ወጣ። ፈረሱ አንገቱን ደፍቶ ይከተለዋል፣ እርካቦቹ ባዶአቸውን ይወዛወዛሉ። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ተነሡ። ቀጥሎ ከኋላቸው ያሉት። ባርኔጣ ሁሉ ወለቀ። ምንሽሩን ከኮርቻው ጎን ፈታው። አሁን ነው እንግዲህ። ትከሻው ላይ አንሥቶ ቢፎክር ልጆቹ ጋ በሰላም ይገባል። እጁ ላይ ከበደው። አፈሙዙን ወደ መሬት አደረገው።

የግራዝማች ገብረ ክርስቶስ ጠመንጃ ተዘቀዘቀ። ካጠገባቸው ያሉት ሽማግሌዎች ጠመንጃም ተከታትሎ ተዘቀዘቀ። ከቃሬዛ ላይ የወረደችው ፈንታነሽ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ወደ ፈረሱ ቀረበች፤ አሮጊት ናት፣ ድምፅዋ ግን የቆንጆ ድምፅ ነው።

«ፈረሱስ መጣልን ኮርቻው አማረ፣
ጌታው የት ወረደ የማን ደጅ ላይ ቀረ?»

ወይ ጉድ! ሜዳው ተናወጠ። ደረት ይመታል፣ ፊት ይነጫል፣ «ወይኔ ጌታዬ! ወይኔ አባ ፈንቅል!» ይላል ሽበታም ሁሉ። አባ ፈንቅልን በዓይኑ ያላየ ጎረምሳ እንኳ እንባው ይወርዳል። ይርጋነሽ ከመካከል ወጣች። እጆቿን ዘረጋች፣ አፏን ከፈተች። 

«እንባዬን በጓዳ ሸሽጌ አኑሬ፣
ወገኔን ሳገኘው አፈሰስኩት ዛሬ!»

ገላው እናቱ ስትጮኽ ሰምቶ አያውቅም። እሱም መጮኹን ያወቀው ጉሮሮው ሲሰነጠቅ ነው። «አባቴን! አባቴን!» ይል ነበር።

በዙሪያው ክላ፣ ክላ የሚል ድምፅ ተሰማ። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን አቀባብለዋል። መድረኩ ላይ ያሉት ሹማምንት ተነሥተው ቆመዋል፣ አንዱ በጣቱ እያመለከተ ይጮኻል። መቶ አለቃ ገብረ ሕይወት ከመድረኩ ዘሎ ወርዶ፣ ሰውን እየገፋ፣ ሽጉጡ ላይ እጁን ጭኖ ገላው ዘንድ ደረሰ። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ምንድን ነው? ማን ሞቶ ነው? ማን ተመታ?»

«አባቴ ሞቶ ነው» አለ ገላው።

«አባትህማ ... እኮ ከስንት ዘመን በፊት! አሁን ነው እንዴ የሚለቀሰው?»

«መርዶ የሚነግረን አጥተን ነው፣ መቶ አለቃ። መንግሥት ወሰደው፤ ሞተ ብሎ የነገረን መንግሥት ግን አልነበረም። አሁን እርስዎ ነገሩን። አገር እየሰማ ሞተዋል አሉ። መርዷችንን የነገሩን እርስዎ ነዎት።»

መቶ አለቃው ማይክራፎኑ ወደ ቆመበት ዞር ብሎ አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ የተናገረውን ለራሱ የሚደግም ይመስል። ከዚያ ይርጋነሽን አያት። መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋ ወርዷል፣ ፊቷ በእንባና በአፈር ተለውሷል። እሷም ቀና ብላ አየችው። ከኋላው የአንዱ አለቃ ድምፅ «በትናቸው! ምን ትጠብቃለህ?» እያለ ይጣራል።

እጁን ከሽጉጡ ላይ አነሣ። ለወታደሮቹ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ አሳያቸው፤ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ፣ አፈሙዙ ሁሉ እስኪወርድ ድረስ። ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ የሚያደርገው ጠፋው፤ እጁ ላይ እያገላበጠው ቆመ።

«እግዜር ያጥናችሁ» አለ በመጨረሻ።

ይርጋነሽ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ከአጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት።

«መርዶ ነግረኸኝ ቆመህ ልትሄድ ነው እንዴ?» አለችው። «ተቀመጥ እንጂ፣ ልጄ።»

መቶ አለቃው አንድ ጊዜ ወደ መድረኩ አየ፣ ሳሩም ላይ ተቀመጠ።